ዜናው ሲከብድ ከቤት እንስሳ ጋር ማረፍ፦ ለጎጃም ቤቶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ዩክሬን፣ ጋዛ፣ ሱዳን። ከእነዚህ አንዱን ሳይሰማ የሚያድር ቤት ዛሬ ጥቂት ነው። ጎጃም ውስጥ ደግሞ የውጭው ዜና የሚመጣው በራሳችን ላይ ተደርቦ ነው። መንገዱ ተከፈተ ወይስ ተዘጋ? ኔትወርክ አለ ወይስ የለም? በደጀን በኩል የሄደው ልጅ ደወለ ወይስ አልደወለም? ሰው ስልኩን እንደያዘ ይተኛል፣ ስልኩን እንደያዘ ይነሳል።

ይህ መመሪያ «ዜና አትስሙ» አይልም። ዘመዱ መንገድ ላይ ያለ ሰው ዜና ሳይሰማ እንዲውል መጠበቅ ቀልድ ነው። የማወራው ግቢያችን ውስጥ ስላሉት እንስሳት ነው፤ ስለ ድመት፣ ስለ ውሻ፣ ስለ ጥቂት ዶሮዎች። ብዙዎቻችን ያስገባናቸው ለሥራ ነው። ድመቷ ለአይጥ፣ ውሻው ለሌባ፣ ዶሮዋ ለእንቁላልና ለበዓል። ለመጽናኛ ብሎ ያስገባቸው ሰው እምብዛም የለም። ያም ሆኖ ያጽናናሉ። እንደ እኔ ከሆነ የሚያጽናኑን ስለታቀፍናቸው ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ የሚያልቅ ሥራ ስለሚሰጡን ነው። የሱዳንን ጦርነት ማስቆም አንችልም። የውሻውን ውሃ ግን መቀየር እንችላለን፤ ሲጠጣም ቆመን እናያለን።

1. ለዜናው ሰዓት ስጡት

እንስሳው የሚረዳችሁ ዜናው ቦታውን ሲያውቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ቴሌግራም ከፍቶ ድመት ማቀፍ ለድመቷም ለሰውም አይጠቅምም።

ሁለት ሰዓት ምረጡ። አንዱ ቀን ላይ፣ ምሳ ሰዓት አካባቢ ይሁን። ሌላው ማታ፣ ከጀርመን ድምፅ ሬዲዮ ወይም ከ2 ሰዓቱ የቴሌቪዥን ዜና ጋር። በመሀል የቴሌግራም፣ የፌስቡክና የቲክቶክ ኖቲፊኬሽን ይዘጋ። የስልክ ጥሪ ግን ክፍት ይሁን። የእናንተን ቤት የሚነካ ነገር ከተፈጠረ ሰው ይደውላል እንጂ ቻናል ላይ እስክታገኙት አይጠብቅም።

ቅደም ተከተሉ ዋናው ነገር ነው። ጠዋት እንስሳው ይቀድማል፣ ዜናው ይከተላል። ማታ ደግሞ ይገለበጣል፤ ዜናው ይቀድምና የእንስሳው ሥራ መጨረሻ ይሆናል። ከአልጋ በፊት የመጨረሻው ያያችሁት ነገር የፈረሰ ከተማ እንዳይሆን ነው። በብዙ የማርቆስና የባሕር ዳር ግቢዎች ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። እንግዲህ ዜናው ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ወጥቶ ውሻውን መፍታት፣ እራቱን መስጠት፣ በሩን ማየት። ሥራው አጭር ነው፤ ሐሳብን ግን ከሩቅ አገር ወደ ግቢ ይመልሳል።

2. ባላችሁ እንስሳ ጀምሩ

ብዙ ሰው «መጽናኛ» ሲባል የፈረንጅ ውሻ መግዛት ይመስለዋል። አያስፈልግም። የደጃችሁ ውሻ ይበቃል። ድመት ከፈለጋችሁ ደግሞ መግዛትም የለም፤ የጎረቤት ድመት ስትወልድ «አንዷን ያዙልኝ» ማለት ነው። ግልገሏን ግን ሁለት ወር ሳይሞላት አትውሰዱ። ከዚያ በፊት ከእናቷ የተለየች ድመት ስታድግ ፈሪና ተናካሽ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው።

አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ድመት ትሻላለች። ግቢ ላለው ውሻ። መንካት ለማይወድ ሰው ደግሞ ዶሮ። አትናቋት። እንቁላል የታቀፈች ዶሮ 21 ቀን ትጠብቃለች፤ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ወጥታ በልታ፣ ጠጥታ፣ አቧራ ታጥባ ትመለሳለች። እሷን የሚከታተል ሰው ከማግስቱ ዜና ሌላ የሚጠብቀው ነገር አለው።

ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም የሚባልባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በተለይ ጸሎት የሚደረግበት፣ ጸበል የሚቀመጥበት ቤት። ከእናት ከአባት ጋር በዚህ መጣላት አያስፈልግም። በረንዳ ላይ ዱካ አውጥቶ መቀመጥ ይበቃል። ውሻው ሶፋ አልጠየቀም።

ቀኑን ሙሉ ቤት የማይውል፣ የሚያግዘውም ሰው የሌለው ግን አዲስ እንስሳ ባያስገባ ይሻላል። ተርቦ የሚጮህ ውሻ ሌላ ጭንቀት ነው።

3. ጠዋቱን ለእነሱ ስጡ

ስልኩን ሌላ ክፍል ወይም መደርደሪያ ላይ አሳድሩት። እንደተነሳችሁ በቀጥታ ወደ ውጭ ውጡ። የዶሮውን ቤት ክፈቱ፣ እህል በትኑ፣ ያደረውን ውሃ ድፉና በንጹሕ ተኩ። የውሻውን ሣህን እጠቡ። ድመቷ እግር ሥር ስትሽከረከር ከእሷ ጀምሩ፤ ካልሆነ ማንንም አታሠራም።

ስትሠሩ እያንዳንዱን በደንብ እዩ። በልቷል? ዓይኑ ጠርቷል? ያነክሳል? አይነ ምድሩ ምን ይመስላል? ይህ ለእንስሳው ጤና ነው፤ ለእናንተም ቢሆን ለሩብ ሰዓት ያህል አእምሮ ሌላ ቦታ እንዳይሄድ ያደርጋል። በክረምት፣ በተለይ እንጅባራና ጮቄ ሥር ላሉ ቤቶች፣ ማደሪያቸው ደረቅ መሆኑን መዳሰስም የጠዋት ሥራ ነው። የረጠበ ጭድ ካለ ይወገድ።

4. መንካትን ተማሩ

ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካው ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 249 ተማሪዎችን በአራት ቡድን ከፍለው አንድ ጥናት አወጡ። አንደኛው ቡድን ውሾችንና ድመቶችን ለ10 ደቂቃ ዳሰሰ፣ አጫወተ። ሁለተኛው ሌሎች ሲዳስሱ ቆሞ አየ። ሦስተኛው የእነዚያኑ እንስሳት ፎቶ በስላይድ ተመለከተ። አራተኛው ዝም ብሎ ተራ ጠበቀ። ኮርቲሶል የሚባለው ከጭንቀት ጋር የተያያዘው ሆርሞን ምራቃቸው ውስጥ ሲለካ ዝቅ ብሎ የተገኘው በእጃቸው የዳሰሱት ዘንድ ነው። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ የድመት ቪዲዮ ማየት «እያረፍኩ ነው» አያሰኝም። እጅ ያስፈልጋል። እጁም ስልክ ያልያዘ መሆን አለበት።

አንድ ከሰዓት ማርቆስ ውስጥ ቡና እየተጠጣ ያየሁትን ላንሳ። ልጁ አያቱ ቤት ሊጠይቃት መጥቷል፤ አንድ እጁ ስልኩን ይገፋል፣ ሌላው ከረከቦቱ ሥር የተጠቀለለችውን ድመት ይጎትታል። ድመቷ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ጅራቷን መሬት ላይ ትመታለች።

«እማማ፣ ይቺ ድመት ሰው አትወድም እንዴ?»

«ትወዳለች እንጂ ልጄ። አንተ ነህ እንጂ የሌለኸው። እስቲ ያን ስልክ አስቀምጠውና ዝም በል፤ ራሷ ትመጣለች።»

አስቀመጠው። ሁለተኛው ስኒ ሳያልቅ መጥታ እጁን አሸተተች።

ሴትዮዋ ያለችው ትክክለኛው ዘዴ ነው። ለድመት እጅ ወደ እሷ አይወረወርም። አንድ ጣት በአፍንጫዋ ትይዩ አድርጉና ጠብቁ። ካሸተተችና ጉንጯን ካሻሸች ፈቀደች ማለት ነው። ጉንጯን፣ ከጆሮዋ ሥር፣ ከአገጯ በታች እሹት። ሆዷን ተዉት፤ ተገልብጣ ማሳየቷ «አምኜሃለሁ» ማለት ነው እንጂ «እሸኝ» ማለት አይደለም። ጅራቷ መወራጨት ከጀመረ ወይም የጀርባዋ ቆዳ ከተንቀጠቀጠ እጃችሁን አንሱ። ከሩቅ ደግሞ ዓይናችሁን በዝግታ ጨፈን ከፈት አድርጉላት። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳዩት ድመቶች ይህን ለሚያደርግላቸው ሰው መልሰው ዓይናቸውን ያጠባሉ፤ እንግዳ ሰው እንኳ ቢሆን ለመቅረብ ይደፍራሉ።

የታሰረ ውሻ ሌላ ጉዳይ ነው። ሙሉ ቀን ሰንሰለት ላይ የዋለ ውሻ ሲያያችሁ ይዘላል፣ ይጮሃል፣ ልብስ ያቆሽሻል። በዚህ ምክንያት ሰው ይሸሸዋል፣ እሱም ይብሳል። እንዲህ ጀምሩ፦ ሰንሰለቱ ከሚደርስበት ትንሽ ወጣ ብላችሁ በጎን ተቀመጡ። ዓይኑን ትኩር ብላችሁ አትዩ። ሲረጋጋ ብቻ ቁራሽ እንጀራ ጣሉለት። በሚቀጥሉት ቀናት ጠጋ በሉ። ስትነኩት እጃችሁ ከአናቱ በላይ አይምጣ፤ በአገራችን ከላይ የሚመጣ እጅ ብዙ ጊዜ ዱላ ይዞ ነውና። ደረቱን፣ የአንገቱን ጎን፣ ትከሻውን እሹት። ከተላመዳችሁ በኋላ ግቢው ተዘግቶ ቀን ላይም ለጥቂት ጊዜ ፍቱት። ሰው የለመደ ውሻ ጥበቃውን አይረሳም። ውሻ በበላበት ይጮሃል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ መተንፈሻችሁን ልብ በሉ። እጃችሁ ከእንስሳው የጎን አጥንት ላይ ከሆነ አተነፋፈሱ ይሰማችኋል። እናንተም ቀስ በሉ። አሥር ደቂቃ በቂ ነው።

5. ምግቡ፣ በተለይ በጾም

መቼም ከቤት እንስሳ ጋር በሰላም ለመኖር የሚፈትነው ይህ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ቤቱ ሽሮና ምስር ይበላል፤ ድመቷም ሽሮ ይቀርብላታል። ውሻ ከእህልም ከአትክልትም ጥቂት ሥጋ ከተጨመረበት መኖር ይችላል። ድመት ግን ሥጋ በሊታ ሆና ነው የተፈጠረችው፤ ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያለው በሥጋና በአሳ ነው። «አይጥ ትያዝ» ይባላል። ጎተራ ባለበት ገጠር ያስኬድ ይሆናል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን አይጡ ከየት ይመጣል?

መፍትሔው አንድ አሮጌ ድስት ለእንስሳቱ ብቻ መለየት ነው። የጾም ዕቃ አይነካም፣ የእናትም ሆድ አይባባም። ከሥጋ ቤት ቁርጥራጭ ለምኖ ቀቅሎ መስጠት ይቻላል። ባሕር ዳር ላሉ ደግሞ የጣና ቆረሶና አምባዛ ጭንቅላትና ጭራ ከአሳ ነጋዴዎች በርካሽ ይገኛል። በደንብ ይቀቀል፣ ሥጋው ከአጥንቱ ይለቀም፣ ጨው አይግባበት።

ወጥ የነካው እንጀራ አትስጡ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ደረቅ እንጀራ ከቅቅል ጋር ይሻላል። በፋሲካ ማግስት የዶሮ ወጥ አጥንት ለውሻ መወርወር ልማድ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል፤ ተዉት። ወተት ለድመት የሚለው ነገርም የተጋነነ ነው። ያደጉ ድመቶች ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ውሃ ይበቃቸዋል።

6. በሽታውን ሳትንቁ

መጽናኛው ፍርሃት እንዳይሆን ይህችን ክፍል አትዝለሏት።

የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለ፤ ወደ ሰው የሚያሻግረውም በዋናነት ውሻ ነው። ውሻም ድመትም ሦስት ወር ሲሞላቸው ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወስዳችሁ አስከትቡ፣ በየዓመቱም ድገሙ። ወረቀቱን አስቀምጡ። የተከተበ ውሻን ሰው ሳይሳቀቅ ይነካል፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው።

ያልታወቀ ውሻ ከነከሰ፣ ከቧጠጠ ወይም የቆሰለ ቦታን ከላሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፣ ግን ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፈንታ አይሁን። የራሳችሁ ውሻ ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ ለሀጩ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። ግቢውን ዘግታችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ሁለተኛው የትል ነገር ነው። በዓል ላይ በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። «ለውሻው ወርውርለት» ይባላል። አይወርወር፤ ይቀበር ወይም ይቃጠል። በውሻው ሆድ ውስጥ ወደ ትል ይለወጣል፣ እንቁላሉ በአይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ይገባል፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ለውሻው በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት መስጠት፣ ከነኩ በኋላም እጅ መታጠብ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴት የድመት አይነ ምድር አትጥረግ፤ ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረገው።

ለቁንጫና ለመዥገር ብላችሁ ለከብት የሚረጨውን መድኃኒት ድመት ላይ አትርጩ። ድመት ራሷን ትልሳለች፣ ትመረዛለች። ፓራሲታሞልም ለድመት መርዝ ነው። የአይጥ መርዝ ያስቀመጠ ጎረቤት ካለም ቀድሞ ይናገር።

7. ልጆች ካሉ

ልጆች ዜናውን እኛ ከምናስበው በላይ ይሰማሉ። ቡና ላይ የሚወራውን ሁሉ። «ጦርነቱ እኛ ጋ ይመጣል?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ የምናውቀውን አጭር መልስ ሰጥቶ የራሱ የሆነ ሥራ መስጠት ይረዳል። የሚሆነው ሥራ አለ፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሲወጡ መቁጠር። አንዷ ከጎደለች መፈለግ፣ ከዚያ ሸለምጥማጥ እንዳይገባ በሩን መወርወር። ይህ ሥራ የምር ነው፤ ልጅ የማስመሰያ ሥራ ያውቃል። ስም ማውጣትም ለእነሱ ተዉላቸው።

ውሻ ሲበላ፣ ሲተኛ ወይም ቡችሎች ሲያጠባ ልጅ አይጠጋው። ትንንሾቹን ከውሻ ጋር ብቻቸውን አትተዉ፤ ምንም ያህል ገራም ቢሆን።

8. ድምፅ ያለበት ሌሊት

ነጎድጓድ፣ የሠርግ ተኩስ፣ ሌላም ተኩስ። ውሻ ከእኛ ቀድሞ ይሰማል፤ ይንቀጠቀጣል፣ አጥር ይዘላል። በፈራ ሰዓት በአጭር ሰንሰለት አታስሩት፤ ሲታገል ሊታነቅ ይችላል። የሚሸሸግበት ጥግ አዘጋጁ፦ ማድ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ የተገለበጠ ሳጥን። በሩን ዝጉ። «አባብለኸው ፍርሃቱን ታስለምደዋለህ» የሚሉ አሉ፤ ትክክል አይደለም። አጠገቡ ተቀምጦ በለሆሳስ ማውራት ይረዳዋል። ለሚያወራው ሰውም ይረዳል፤ ሰው ሌላውን ሲያረጋጋ ድምፁ ራሱ ዝግ ይላል። መቆጣትና መምታት ግን ነገሩን ያብሰዋል። ድመቷ አልጋ ሥር ከገባች አትጎትቷት።

9. እንስሳው የማይችለው

እንቅልፍ ለሁለት ሳምንት ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ያዩት ወይም የሰሙት ነገር በቀንም በሌሊትም እየተመለሰ ካስቸገረ ድመት አይበቃም። ወደ ሆስፒታል ሂዱና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣትም አይቅር፤ ስለ ዜና የማይወራበት አንድ ዙር እንኳ ቢኖር።

በመጨረሻ፣ ድንገት ከቤት መውጣት ሊመጣ ይችላል። ለቅሶ፣ ሕመም፣ ወይም መንገድ ተዘግቶ ሌላ ከተማ መቅረት። ከአንድ ጎረቤት ጋር ከወዲሁ ተነጋገሩ፤ የእኔን አንቺ፣ የአንቺን እኔ ብላችሁ። ውሻው እንዲለምዳት በእናንተ ፊት ጥቂት ጊዜ እሷ ታብላው። መለዋወጫ ቁልፉን፣ የዶሮውን እህልና የክትባት ወረቀቱን የት እንዳስቀመጣችሁ አሳይዋት።